ሞገድ ቆጥሮ ኔትወርክ መመዘን፦ ለአንድ ንጽጽር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ የሰነበተ ረዘም ያለ ጽሑፍ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው የሞባይል ኩባንያዎችን ያወዳደሩት በእጃቸው ባለው የስፔክትረም፣ ማለትም የሬዲዮ ሞገድ፣ መጠን ነው። መነሻቸው ቀላል ነው፤ ስፔክትረም እንደ እርሻ መሬት ነው፣ ሰፊ መሬት የያዘ ብዙ ያመርታል፣ ስለዚህ የየኩባንያውን ሜጋኸርዝ (የሞገድ መለኪያ ነው) ደምሮ በተርታ ማስቀመጥ የኔትወርካቸውን ጥራት በተርታ ማስቀመጥ ነው ይላሉ። ለዚህም የአሜሪካዎቹን ቲ-ሞባይልን፣ ቬራይዘንንና ኤቲኤንድቲን በምስክርነት ይጠራሉ። እንደ 900 ሜጋኸርዝ ያሉትን ዝቅተኛ ሞገዶች ጊዜ ያለፈባቸው ያደርጓቸዋል፤ ፒያሳ ላይ በአንድ ሌሊት በራሳቸው ስልክ የለኩትን ፍጥነት በማስረጃነት ያቀርባሉ፤ በመጨረሻም የጎንደር ኔትወርክ የሚሻሻለው ለኩባንያዎቹ ተጨማሪ ሞገድ ሲለቀቅላቸው ነው ብለው ይደመድማሉ።

እኔ ለዘጠኝ ዓመታት በሞባይል ጣቢያ ጥገና ሠርቼ አሁን አራዳ ገበያ አጠገብ ስልክ እጠግናለሁ። ብዙ ሰው «ኔትወርክ የለም» ብሎ ስልኩን ኪሱ ከመክተት አልፎ ለምን ብሎ በማይጠይቅበት ከተማ፣ ጸሐፊው ጠይቀው ደክመው መጻፋቸው ያስመሰግናቸዋል። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ መልሳቸው ግን ከመለኪያው ጀምሮ የተሳሳተ ስለመሰለኝ ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው ተነሣሁ።

እውነት ያለበትን በቅድሚያ ልስጥ። የሞገድ ስፋት ዋና ነገር መሆኑ አያከራክርም። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው ቀመር እንደሚለው፣ የአንድ መገናኛ መስመር የመሸከም አቅም ከሞገዱ ስፋት ጋር ቀጥታ ያድጋል፤ ስፋቱ እጥፍ ከሆነ አቅሙም እጥፍ ነው። የማስተላለፊያ ኃይልን እጥፍ ማድረግ ግን፣ ምልክቱ ቀድሞውንም ጥሩ ከሆነ፣ የሚጨምረው ጥቂት ብቻ ነው። በ4ጂ ቋንቋ ስንናገር፣ 10 ሜጋኸርዝ ለማውረጃ የተመደበለት ተራ ባለ ሁለት አንቴና ጣቢያ የፍጥነት ጣሪያው በሰከንድ 75 ሜጋቢት ሲሆን፣ 20 ሜጋኸርዝ የተመደበለት 150 ሜጋቢት ይደርሳል። ጸሐፊው እስከዚህ ድረስ ልክ ናቸው። ነገር ግን ይህ 150 ሜጋቢት በአንድ አቅጣጫ ለሚያይ አንቴና የተሰጠ ጣሪያ ነው፤ በዚያ አቅጣጫ ያለ ሰው ሁሉ ይካፈለዋል፤ ጣሪያውን የሚነካውም ማማው ሥር ብቻውን የቆመ ሰው ነው። ሻነንም ቢሆን ስለ ስፋት ብቻ አልተናገረም፤ ከቀመሩ ግማሹ የምልክቱ ጥራት ነው። ጸሐፊው ቀመሩን ከመሐል ቆርጠው ወሰዱት ማለት ነው።

የመሬቱን ምሳሌም ቢሆን እቀበለዋለሁ፤ ገበሬ የሚያውቀውን ያህል ግን እንውሰደው። ደንቢያ ዋልካ ላይ ያለ አንድ ጥማድና ስሜን ተዳፋት ላይ ያለ አንድ ጥማድ በቁጥር እኩል ናቸው፤ ሁለቱን ደምሮ «ሁለት ጥማድ አለው» ማለት ይቻላል፤ ከሁለቱ ምን እንደሚታፈስ ግን ድምሩ አይነግርም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በሬ ያልተጠመደበት መሬት ጦሙን ያድራል። የጸሐፊው ሰንጠረዥ ጦሙን ያደረውንም የታረሰውንም አንድ ላይ ይቆጥራል።

የድምሩ ችግር ከዚህ ይጀምራል። አንዳንድ ሞገድ በጥንድ ይሰጣል፤ ግማሹ ከማማው ወደ ስልኩ፣ ግማሹ ከስልኩ ወደ ማማው ለመላኪያ ነው። ሌላው ደግሞ ሳይከፈል ይሰጥና ማማውና ስልኩ በጊዜ እየተፈራረቁ ይጠቀሙበታል፤ አብዛኛውን ጊዜም የፈረቃው ትልቁ ድርሻ ለማውረጃ ይመደባል። ስለዚህ በጥንድ የተሰጠ 20 ሜጋኸርዝ ለማውረድ የሚያገለግለው 10 ብቻ ሲሆን፣ በፈረቃ የሚሠራ 20 ሜጋኸርዝ ከዚያ የሚበልጥ ማውረጃ ይሰጣል። ጸሐፊው ሁለቱን ዓይነት ሳይለዩ ደምረዋል። በአሜሪካ ደግሞ ፈቃዱ ለመላው አገር በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ የአገሪቱ የመገናኛ ኮሚሽን መሬቱን 416 የኢኮኖሚ ክልሎች አድርጎ ከፋፍሎ ብዙውን ሞገድ በክልል በክልል ይሸጣል። አንድ ኩባንያ ኒው ዮርክ ላይ የያዘውን ሞንታና ላይ ላይዝ ይችላል። «በአማካይ ይህን ያህል» የሚባለው ቁጥር ሰው በሚኖርበት ብዛት የተመዘነ አማካይ ነው፤ አንድም መንገደኛ በአማካይ ላይ ቆሞ ስልክ አይደውልም።

አሁን ወደ ዋናው ምስክራቸው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጊዜ ወስጄ ብቆይ ይቅር በሉኝ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ለእኔ የሚመሰክረውን ምስክር ለራሳቸው ጠርተውታል። ቲ-ሞባይል ለ5ጂ ተስማሚ የሆነውን መካከለኛ ሞገድ በብዛት ስለያዘ ፈጣኑ ኩባንያ ሆነ፤ ነገሩ በዚህ ያልቃል ይላሉ። ያ ሞገድ፣ የ2.5 ጊጋኸርዙ (2,500 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያለው) ማለት ነው፣ ከየት መጣ የሚለውን ግን አላነሡም። ሞገዱ በአመዛኙ ስፕሪንት በሚባለው አራተኛ ኩባንያ እጅ የነበረ ነው። ስፕሪንት ክሊርዋየር የተባለውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ጠቅልሎ ሲገዛ፣ ከ2,496 እስከ 2,690 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ በትላልቆቹ ከተሞች ከመቶ ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ባለርስት ሆነ። በጸሐፊው ሚዛን ከሄድን ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአሜሪካ ምርጥ ኔትወርክ የስፕሪንት መሆን ነበረበት። የሆነው ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ በብዙ አገር አቀፍ የፍጥነት ንጽጽሮች ከአራቱ መጨረሻ ላይ ሲቀመጥ የኖረው ስፕሪንት ነበር።

ምክንያቱን የጥገና ሰው ወዲያው ይገምተዋል። 2.5 ጊጋኸርዝ ከግድግዳ በስተጀርባ ይደክማል፤ ርቀትም አይወድም። ማማው በብዙ ዋት ጮኾ ሲናገር፣ ስልኩ የሚመልስለት ከአንድ ዋት አንድ አምስተኛ ያህል በሆነ ሹክሹክታ ነው። የማማው ድምፅ ላንተ ይሰማል፣ ያንተ ግን ለማማው አይሰማም። ያንን ሞገድ በሚገባ ለመጠቀም ማማዎችን ማቀራረብ፣ ወይም ከሥሩ ሩቅ የሚሄድ ዝቅተኛ ሞገድ መዘርጋት ያስፈልጋል። ስፕሪንት ዕዳ ስለነበረበት ማማ በበቂ አላቀራረበም፤ ዝቅተኛ ሞገዱም ጠባብ ነበር። መሬቱ ነበረው፣ በሬው ግን አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2020 ስፕሪንት ከቲ-ሞባይል ጋር ተዋሐደ። በዚያ ቀን በአየር ላይ አንድም ሜጋኸርዝ አልተጨመረም፤ ሞገዱ ያው ሞገድ፣ አገሩም ያው አገር ነው። ተቀባዩ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በተጠናቀቀው ጨረታ ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ የገዛው 600 ሜጋኸርዝ ሞገድ ነበረው፤ ያም ሩቅ የሚሄድ፣ ከቤት ውስጥ የሚገባ፣ የስልኩን ደካማ ድምፅ ከርቀት የሚሰበስብ ነው። በተጨማሪም የራሱ ማማዎች ነበሩት፤ በእነዚያ ማማዎች ላይ ብዙ ትናንሽ አንቴናዎችን በአንድ ሰሌዳ የያዙ አዳዲስ መሣሪያዎችን ሰቀለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያ የመጨረሻው ተርታ የነበረ ሞገድ በአሜሪካ ፈጣኑን 5ጂ ተሸከመ። ያው ሞገድ በአንዱ እጅ መጨረሻ፣ በሌላው እጅ መጀመሪያ ከሆነ፣ ልዩነቱን ያመጣው ሞገዱ ነው ለማለት እንዴት ይቻላል?

ቬራይዘንም ቢሆን ለጸሐፊው አይመችም። እ.ኤ.አ. በ2021 በተጠናቀቀው የሲ-ባንድ (4 ጊጋኸርዝ አጠገብ ያለ መካከለኛ ሞገድ) ጨረታ በአጠቃላይ ወደ 81 ቢሊዮን ዶላር ሲወጣ፣ ቬራይዘን ብቻውን ከ45 ቢሊዮን በላይ ከፍሎ በአማካይ 161 ሜጋኸርዝ አገኘ፤ ኤቲኤንድቲ ወደ 23 ቢሊዮን፣ ቲ-ሞባይል ደግሞ ወደ 9 ቢሊዮን ከፈሉ። በወረቀት ላይ ቬራይዘን በዚያች ቀን ባለጠጋ ሆነ። በዚያ ሞገድ ላይ ግን ሳተላይቶች ሰፍረው ነበርና ቦታውን እስኪለቁ መጠበቅ ግድ ነበር፤ መጀመሪያ የተለቀቀው የሞገዱ ከፊል ብቻ ነው፣ እርሱም በ46 ክልሎች ብቻ፤ ሥራ የጀመረው በጥር 2022 ሲሆን የቀረው የተለቀቀው በ2023 ነው። በእነዚያ ዓመታት የኩባንያዎቹን ይዞታ ደምሮ ፍጥነታቸውን ሊተነብይ የተነሣ ሰው ያልተላቀቀ ቤት ቆጥሮ ተከራይ እንደሚያስገባ ደላላ ነው። ይኸው ኩባንያ ከዚያም በፊት በ28 እና በ39 ጊጋኸርዝ ብዙ መቶ ሜጋኸርዝ ይዞ ነበር። ያ ሞገድ በድምር ከገባ ቬራይዘን ሁሉንም ያስከነዳል፤ ነገር ግን ቅጠል የሚያግደው፣ ከመስኮት መስተዋት በጭንቅ የሚያልፍና ከማማው ጥቂት መቶ ሜትር ሲርቁ የሚሞት ሞገድ ስለሆነ፣ ደንበኞቹ በእርሱ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ጸሐፊው ይህንን ሞገድ ከድምሩ አስወጥተውታል። ማስወጣታቸው ተገቢ ነው፤ ግን ሞገድና ሞገድ እኩል እንዳልሆነ እዚያው ላይ አምነዋል ማለት ነው።

ይህ ወደ ዝቅተኛ ሞገድ ይወስደናል። ጸሐፊው 900 ሜጋኸርዝን የ2ጂ ዘመን ቅሪት አድርገው ስለሚያዩት፣ ይህን የያዘ ኩባንያ ጥሎት ወደ ላይ ቢወጣ ይሻለዋል ይላሉ። ጎንደር ተቀምጦ እንዲህ ማለት ትንሽ ይገርማል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በቃሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል የተቀመጠች፣ ጉብታና ሸለቆ የተፈራረቀባት ናት። በክፍት ሜዳ እንኳ፣ አንቴናው አንድ ዓይነት እስከሆነ ድረስ፣ የሞገዱ ቁጥር እጥፍ ሲሆን ተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ከ900 ወደ 2,600 ሲኬድ ደግሞ አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ይቀራል። ጉብታና የድንጋይ ግንብ ሲጨመርበት ልዩነቱ ከዚህ ይሰፋል።

አንድ የቅርብ ምሳሌ ልጥቀስ። ፒያሳ ላይ ከጣሊያን ዘመን የቀሩ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ሕንፃዎች አሉ። ከእነዚህ በአንዱ ውስጥ ባለ ቡና ቤት ደንበኛዬ የሆኑ አንድ አዛውንት «ስልኬ ታሟል» ብለው ጠሩኝ። ስልኩን ተቀብዬ የምልክቱን ኃይል የሚያሳየውን ገጽ ከፈትኩና ከበሩ አጠገብ ጀምሬ ወደ ጓዳው በዝግታ ሄድኩ። በሩ ላይ ስልኩ 1,800 ሜጋኸርዝ ይዞ ነበር፤ ሦስተኛው ጠረጴዛ ጋ ስደርስ ኃይሉ ከሃያ ዴሲቤል በላይ ወረደ፣ ማለትም ከመቶ አንድ እጅ በታች ቀረ፤ ጓዳው በር ላይ ስልኩ 1,800ን ጥሎ ወደ 900 ወረደና ጥሪው ሳይቋረጥ ቀጠለ። «ጋሼ፣ ስልክዎ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ግድግዳው ነው» አልኳቸው። «ግድግዳውንማ ጣሊያን ነው የሠራው፣ እሱን ክሰስ» ብለው ቡናዬን ከፈሉልኝ። ያ ጸሐፊው የናቁት ሞገድ ባይኖር ኖሮ ጋሼ ከጓዳ ሆነው የተናገሩትን ልጃቸው አትሰማም ነበር።

ዝቅተኛ ሞገድ ጠባብ መሆኑን አልክድም። የ900 ሜጋኸርዝ ክልል ለሁሉም ኩባንያ በአንድ ላይ በየአቅጣጫው 35 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው፤ በ1,800 ግን በየአቅጣጫው 75 አለ። በ900 ብቻ ቪዲዮ የሚመለከት ከተማ ማስተናገድ አይቻልም። ስለዚህ ክርክሩ መካከለኛው ሞገድ ለገበያው ስፍራ፣ ዝቅተኛው ለጓዳውና ለገጠሩ እንዲያገለግል ማደራጀት ላይ ነው እንጂ፣ አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሣት ላይ አይደለም። ከጎንደር ወደ ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያንን መንገድ በ2.6 ጊጋኸርዝ ብቻ ልሸፍን የሚል ሰው በየኩርባው ማማ መትከል አለበት።

ጸሐፊው ሌሊት ፒያሳ ላይ የለኩት ፍጥነት የተነገረው በልበ ሙሉነት ነው፤ ቁጥሩም ትልቅ ነው። ልኬቱ የሚያሳየው ግን አንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሰዓት፣ ከማማው የቀረውን ሁሉ ለብቻው ሲያገኝ ምን ያህል እንደሚያወርድ ነው። የኔትወርክ ፈተናው ሌሊት አይደለም። ከተራ ዕለት ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ በዚያ ዙሪያ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ያየ ያውቀዋል፤ የስልኩ ምልክት እስከ አፍንጫው ሙሉ ሆኖ ሳለ አንዲት ፎቶ ለመላክ ይቸግራል። በስልካችን ራስጌ ላይ የሚታዩት ሰረዞች የሚነግሩን ከማማው የሚመጣው ድምፅ ምን ያህል እንደሚጎላ ነው፤ ስንት ሰው ወረፋ ላይ እንዳለ አይነግሩንም። እንዲያውም በዚያ ቀን ቀድሞ የሚታነቀው ማውረጃው አይደለም፤ ሁሉም ቪዲዮ ቀርጾ በአንድ ጊዜ ስለሚልክ ወደ ማማው የሚሄደው መስመር ነው፤ አንዳንዴም ስልኩ «ወረፋ ስጠኝ» ብሎ የሚጠይቅባት ጠባቧ መስመር ትዘጋለች። በዚያ ጊዜ የሚረዳው ተጨማሪ ሞገድ ብቻ አይደለም። ተንቀሳቃሽ ጣቢያ በተሽከርካሪ አምጥቶ ማቆም፣ አንቴናዎቹ ባሕሩን በጠባብ በጠባብ ከፋፍለው እንዲያዩ ማድረግም ይረዳል፤ ያው ሞገድ በእያንዳንዱ ክፍል እንደገና ይሠራልና።

ስለ ልኬቱ የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። የተለካው በየትኛው ስልክ እንደሆነ አልተነገረም፤ ከአሜሪካ ዘመድ የላከው አሮጌ ስልክ እዚህ የሚሠራባቸውን ሞገዶች ሁሉ ላይቀበል እንደሚችል እኔ ዘንድ በየሳምንቱ የሚመጣው ሰው ምስክር ነው። መለኪያው የተገናኘበት ሰርቨር አዲስ አበባ ይሁን ሌላ አገር አልተገለጸም። ሦስት ጊዜ ተለክቶ ትልቁ ከተጠቀሰ ደግሞ ያ ልኬት ሳይሆን ምርጫ ነው።

ሁለቱን የአገራችንን ኩባንያዎች በተመለከተ የቀረበው ሐሳብ ከዚህ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጸሐፊው በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በግንቦት 2013 ዓ.ም. ለፈቃድ ያቀረበውን 850 ሚሊዮን ዶላር ሁሉ የሞገድ ዋጋ አድርገው፣ ከዚያ በመነሣት «ያን ያህል የከፈለ ያን ያህል ይፈጥናል» የሚል ስሌት ይሠራሉ። ያ ክፍያ በመላ አገሪቱ የቴሌኮም አገልግሎት ለመስጠት ለተሰጠ ሙሉ ፈቃድ እንጂ ለሞገድ ብቻ የተከፈለ አይደለም። ኩባንያው በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር ባዶ ኔትወርክ ነበረው፤ ባዶ ኔትወርክ ደግሞ ማንም ይሁን ማን ይፈጥናል፤ ሁለት ሰው የተሳፈረበት አውቶቡስ ሰፊ እንደሚመስለው ነው። በሌላ በኩል ኢትዮ ቴሌኮም ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት ይፋ አድርጓል። ስለዚህ ሁለቱን በሜጋኸርዝ ማወዳደር የሚፈልግ ሰው ቢያንስ ሜጋኸርዙን ለማማው፣ ማማውን ደግሞ ለደንበኛው ማካፈል አለበት። ይህን ሳያደርግ ፈጣኑ እገሌ ነው፣ ዘገምተኛው እገሌ ነው ማለት ለሁለቱም ፍትሕ አይደለም። እኔም የማንኛቸውም ጠበቃ አይደለሁም፤ ሁለቱንም ሲም በኪሴ ይዤ ነው የምዞረው።

ጸሐፊው በመንገዳቸው ላይ ስለ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ያነሡት ሥጋትም አለ፤ በአሜሪካ 5ጂ አውሮፕላን አስተጓጉሏልና እዚህም እንጠንቀቅ ይላሉ። በጥር 2022 በአሜሪካ የተነሣው ክርክር የአውሮፕላን ከፍታ መለኪያ በሚሠራበት ከ4.2 እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ባለው ክልልና እስከ 3.98 በሚደርሰው ሲ-ባንድ መቀራረብ ላይ ነበር። ብዙ አገሮች ለ5ጂ የሚጠቀሙበት ከ3.3 እስከ 3.8 ያለው ክልል ከዚያ የበለጠ ይርቃል። ጥንቃቄ አይከፋም፤ ማስፈራሪያ ግን አያስፈልግም።

የመደምደሚያቸው ነጥብ፣ ማለትም ለጎንደር የጎደላት ሞገድ ነው የሚለው፣ ከሁሉ በላይ የማልስማማበት ነው። ማማው ላይ ያሉ ሦስት አንቴናዎች እያንዳንዳቸው 150 ሜጋቢት ማስተናገድ ይችላሉ እንበል፤ ድምሩ 450 ነው። ያ ማማ ከዋናው መረብ ጋር የተያያዘው 100 ሜጋቢት በሚያሳልፍ ማይክሮዌቭ (ማማን ከማማ በአየር የሚያገናኝ መስመር) ከሆነ፣ ለአንቴናዎቹ ሌላ 20 ሜጋኸርዝ ብንጨምርላቸው የምናገኘው ያው 100 ነው። ፋይበር ያልደረሰው ማማ ጠባብ አንገት ያለው እንስራ ነው፤ ሆዱን ብናሰፋው ውኃው በዚያው አንገት ነው የሚቀዳው።

ኃይሉም አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በደባርቅ መንገድ ላይ ወደሚገኝ አንድ ጣቢያ ለጥገና ሄድኩ፤ የማን እንደሆነ ለዚህ ክርክር አያስፈልግም። የአካባቢው ሰው በየማታው ኢንተርኔት ይጠፋብናል ብሎ አማርሮ ነበር። ጥበቃው ስልካቸውን ከአጥሩ ሽቦ ላይ በሲባጎ አንጠልጥለው ተቀምጠዋል፤ ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ መብራት ሲሄድ ቀድሞ የሚያውቀው ይህ ስልክ ነው፤ የልጅ ልጄ የምትልከው ቪዲዮ መሐል ላይ ይቆማል፣ ቆይቶ ደግሞ መደወልም ያቅተዋል» አሉኝ። አባባ የነገሩኝ ትክክለኛው የጣቢያው ሥርዓት ነበር። መብራት ሲቋረጥ ጣቢያው ወደ ባትሪ ይዞርና፣ ባትሪው እንዲቆይለት ብዙ ኃይል የሚበላውን የ4ጂ መሣሪያ ቀድሞ ያጠፋል፤ ድምፅ የሚያስተላልፈው 2ጂ እስከ መጨረሻው ይቆያል። ባትሪዎቹን ስፈትሽ ያረጁ ነበሩ፤ አራት ሰዓት መቆየት የሚገባቸው አንድ ሰዓት እንኳ አልሞሉም። የጄነሬተሩ በርሜል ውስጥ ደግሞ ናፍጣ አልነበረም። በዚያ ማማ ላይ የኩባንያው ሞገድ ሙሉ ነበር። በጸሐፊው ሰንጠረዥ ላይ ያ ቦታ ከፒያሳ እኩል ነጥብ ያገኝ ነበር።

ሌላም አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የማንም ኩባንያ ሞገድ አልተነካም፤ ይዞታቸው በወረቀት እንዳለ ነበር፤ ጎንደር ውስጥ የነበረው ፍጥነት ግን ዜሮ ነበር። እዚህ ያነሣሁት ፖለቲካ ለማውራት አይደለም፤ ተጠቃሚው የሚያገኘው አገልግሎት ከይዞታ መዝገብ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ስለሌለኝ ነው። የፍጥነት መለኪያዎች የሚመዘግቡት የተሳካውን ልኬት ነውና እነዚያ ወራት በአማካዩ ውስጥ አይታዩም።

ጸሐፊው አንድ ጥያቄ አቅርበዋል፤ ያንን ከእርሳቸው ጋር ሆኜ እጠይቃለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የትኛው ኩባንያ የትኛውን ሞገድ የት ላይ እንደያዘ ማንም በቀላሉ እንዲያየው በዝርዝር ቢያወጣ መልካም ነው፤ በአሜሪካ የፈቃድ መዝገብ ለማንም ክፍት በመሆኑ ነው ከላይ ያሉትን ቁጥሮች መጥቀስ የቻልኩት። ከሞገዱ ጎን ግን ሌሎች ዓምዶች ይጨመሩበት፤ በወረዳው ስንት ማማ በሞገዱ ላይ እየሠራ እንደሆነ፣ ከእነዚህ ስንቱ ፋይበር እንደደረሰው፣ በወሩ ውስጥ ስንት ሰዓት እንደጠፉ፣ እና በሥራ ሰዓት የመካከለኛው ተጠቃሚ ፍጥነት ስንት እንደሆነ።

ልኬቱን በተመለከተ ደግሞ ለጸሐፊው ግብዣ አለኝ። በሚመጣው ከተራ ጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ ሁለት ስልክ ይዤ እቆማለሁ፤ አንዱ 09፣ ሌላው 07 ያለበት። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ታቦታቱ ከመድረሳቸው በፊት፣ ከዚያ በ10 ሰዓት ሕዝቡ ሲሞላ፣ ከዚያም ሌሊት በ9 ሰዓት፣ ማውረጃውንም መላኪያውንም ለየብቻ እለካለሁ። ያንን የፒያሳውን ስልካቸውን ይዘው ቢመጡ ደስ ይለኛል፤ ሦስቱን ቁጥሮች አንድ ወረቀት ላይ ጽፈን ሁለታችንም እንፈርምበታለን።